ልስኑ ሳይደርቅ

በሰፈራችን አንዲት ሙሽራ ማርገዟን ከሆዷ ቀድሞ የሚያሳብቀው በር ላይ የተከመረ አሸዋ ነው። አላፊ ጎረቤት አሸዋውን አይቶ «ምነው፣ ደረሰ እንዴ?» ይላል። የጠየቀው ስለ ቤቱ አይደለም። ባልየው ግን አፍሮ ስለ ቤቱ ይመልሳል፤ «አይ፣ ትንሽ ልስን ናት።»

ኮልፌ፣ ከ18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ ሲገባ ነገሩ በየግቢው አንድ ነው። ልጅ ያገባል፣ የቤት ኪራይ ያስደነግጠዋል፣ ከወላጆቹ ቤት ጀርባ ያለችው ሰርቪስ ትጠረግለታለች። ሚስት ስታረግዝ ሰርቪሷ በድንገት ታንሳለች። ያን ጊዜ ብሎኬት፣ ቆርቆሮ፣ ሊሾ፣ ኮርኒስ የሚሉ ቃላት እራት ላይ መነሳት ይጀምራሉ። አያትየው ጥግ ላይ ቡናቸውን እየጠጡ «እኔ ስምንቱን ያሳደግኩት እዚችው አንድ ክፍል ውስጥ ነው» ይላሉ። ማንም አይሰማቸውም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት የአዲስ አበባ ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ 1.8 ልጅ ነበር፤ የአገሪቱ ቁጥር 4.6 ነበር። ድሮ ክፍሉ አንድ፣ ልጁ ስምንት ነበር። ዛሬ ልጁ አንድ፣ ሲሚንቶው ስምንት ኩንታል ሆኗል።

*

ሐኪም የመውለጃ ቀን ሲናገር «ሁለት ሳምንት ወዲህ ወይም ወዲያ ሊሆን ይችላል» ብሎ ያስጠነቅቃል። ግንበኛ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ አያውቅም። «ሐሙስ አስረክባለሁ» ይላል። የትኛው ሐሙስ እንደሆነ አይናገርም።

ወጣት ባሎች ግንበኛውን ያስቸኮሉ መስሏቸው «ሚስቴ እኮ ወሯ ገብቷል» ይላሉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእጅ ዋጋው ይወጣል፣ «በቁርጥ» የነበረው ሥራ «በቀን ይሁንልኝ» ይሆናል፣ ተጨማሪ ቀብድ ይጠየቃል። የሚቸኩል ሰው እንደማይከራከር ግንበኛ ከማንም በላይ ያውቃል። ለግንበኛ የማይነገር ምስጢር ቢኖር የመውለጃ ቀን ነው።

*

መሐንዲሶች የኮንክሪትን ጥንካሬ የሚለኩት በ28ኛው ቀን ነው። ሐኪሞችም ሕፃኑን «ጨቅላ» የሚሉት እስከ 28ኛው ቀን ድረስ ነው። ሁለቱም ሙያዎች በየራሳቸው መንገድ ሄደው አንድ ቁጥር ላይ ተገናኝተዋል፤ ሁለቱም የሚፈሩት የመጀመሪያዎቹን ቀናት ነው። ሲሚንቶ በእነዚያ ቀናት ውኃ ካላገኘ ይሰነጠቃል። ከላይ የጠቀስኩት ጥናት እንደሚለው ደግሞ በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 67ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ 29ኙ የሚሞቱት በመጀመሪያው ወር ነበር።

እናቶቻችን ጤና ተቋም ሄዶ መውለድን ለምደዋል፤ በዚያው ጥናት በአዲስ አበባ ከመቶ 97 ወሊዶች በጤና ተቋም የተከናወኑ ነበሩ። ከወለዱ በኋላ ያለው ነው የላላው። አዲሱን ልስን ጠዋትና ማታ በጀሪካን የሚያጠጣ ባል አውቃለሁ፤ አንድ ቀን አልዘለለም። አራሷንና ልጁን በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ወስዶ ያሳየ ባል ግን ፈልጌ አጥቻለሁ። «አርባ ቀን ሳይሞላ ከቤት አትወጣም» ይባላል። ግንበኛው ግን በየቀኑ ቡትስ ጫማውን እንደተጫማ አራስ ቤት ይገባል።

*

ገንዘቡ የት እንደሚገባ ያየሁትን ልናገር። የእድሳቱ ምክንያት ልጅ ነው፤ የሚታደሰው ሳሎን ነው። ሴራሚክ የሚነጠፈው ሳሎን ውስጥ ነው። ባለ መብራት የጂፕሰም ኮርኒስ የሚሰቀለው፣ ሶፋ የሚቀየረው፣ ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ላይ የሚወጣው ሳሎን ውስጥ ነው። ብሩ ሲያልቅ መኝታ ቤቱ «ቀስ ተብሎ ይደርሳል» ይባላል። ሕፃኗ የምትኖረው ቀስ ተብሎ በሚደርሰው ክፍል ውስጥ ነው።

ሳሎኑ የተሠራው ለጠያቂ ነው። አራስ ጠያቂ ይበዛል፤ ክርስትናው ሲመጣ ደግሞ፣ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን፣ ዘመድ በሙሉ ይገባል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን አቂቃ የሚያወጡት በሰባተኛው ቀን ስለሆነ ግንበኛ የሚያስቸኩሉት ከእኛ ብሰው ነው። «ሰው ምን ይለናል?» የሚለው ጥያቄ የቤታችን ዋና አርክቴክት ነው። ሕፃን ግን ሴራሚክ አይታያትም። እንዲያውም መዳህ ስትጀምር ከሁሉ የሚያዳልጣት እሱ ነው።

*

የመኝታ ቤቱን ነገር ካነሳሁ አይቀር መስኮቱ ላይ ልቆይ።

በኮልፌ ግቢዎች እየጠበቡ ነው። ወላጆች ሰፊ ግቢ ነበራቸው፤ ለመጀመሪያው ልጅ አንድ ክፍል ተቀጠለ፣ ለሁለተኛው ሌላ፣ ለኪራይ ደግሞ ሁለት። ወጥ ቤቱ ተገፍቶ አጥር ላይ ተለጠፈ። በመጨረሻ ግቢው መተላለፊያ ሆነ። ጎረቤትም ባለ ሁለት ፎቅ አቆመ። የቀረው ሰማይ በቆርቆሮ ክፍተት የሚታየው ብቻ ነው። አያቶቻችን ሕፃን ቅቤ ቀብተው ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚያሞቁበት ቦታ ላይ ዛሬ አዲሷ መኝታ ቤት ቆማለች። ለልጅ ብለን የሠራናት ክፍል የልጁን ፀሐይ በላችው።

ነገሩ የአያቶች ልማድ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በኢትዮ ስዊድሽ የሕፃናት ሆስፒታል የሠሩትን ጥናት «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳትመዋል። በሳንባ ምች ከታመሙ 500 ሕፃናት መካከል 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ሕፃናት መካከል ግን 20ዎቹ ብቻ። ሪኬትስ አጥንት የሚያለሰልስ በሽታ ነው፤ አንዱ ዋና ምክንያቱ ፀሐይ ማጣት ነው። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ በማይጠፋባት አዲስ አበባ ልጆች ፀሐይ አጥተው ይታመሙ ነበር ማለት ነው። ተሸፋፍነው፣ ተደብቀው፣ «ብርድ ይመታቸዋል፣ ዓይን ይበላቸዋል» ተብለው።

አንዳንድ ወጣት አባት ትልቅ የአሉሚኒየም መስኮት አስገጥሞ «ፀሐይዋ እዚሁ ትገባላታለች» ይላል። ቆዳ ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ የሚያደርገውን ጨረር መስታወት አያሳልፈውም። ሕፃኗ ወደ ደጅ መውጣት አለባት። ደጁ ደግሞ ተሠርቶበታል።

*

መስኮቱ ትንሽ የሚሆንበት ሌላ ምክንያት ብርድ ነው። በር ይዘጋል፣ መጋረጃ ይጋረዳል፣ የበሩ ስር በጨርቅ ይወተፋል። ከዚያ ለማሞቂያ የከሰል ምድጃ ይገባል።

«ጭሱ አልቋል እኮ፣ ፍም ብቻ ነው» ይላሉ አማቴ፤ የእኛም ቤት የአራስ ቤት ነውና። ሰፈሩ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። የሚገድለው ጭሱ ቢሆን ኖሮ ባልፈራሁ፤ ጭስ ያስላል፣ ያስነጥሳል፣ ሰውን ያባርራል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። ከቀላ ፍም ይወጣል፣ በተዘጋ ክፍል ይጠራቀማል፣ የተኛን ሰው ከእንቅልፉ አያነቃውም። የድሮው ጭቃ ቤት ግድግዳው ሙቀት ይይዝ ነበር፤ ከጣሪያው ጋር የሚገናኝበትም ክፍተት አያጣም ነበር፤ ቤቱ ይተነፍስ ነበር። አዲሱ ብሎኬት ቤት ኮርኒሱ ጥፍፍ ያለ፣ መስኮቱ በጎማ የታሸገ ነው። ቤቱን አሳምረን የከሰሉን ልማድ እንዳለ ይዘነው ገባን። ከዘመናዊ ቤት ጋር ከሰል አይሄድም፤ ይህን ከግንበኛም ከአዋላጅም አፍ ሰምቼ አላውቅም።

*

የልጅ ክፍል ቀለም ደማቅ ነው። ቢጫ፣ ብርቱካን፣ ቀይ። እነዚህ ቀለሞች በዘይት ቀለም ሲሠሩ፣ በተለይ ርካሽ ሲሆኑ፣ እርሳስ የመያዝ ዕድላቸው ከነጩ ይበልጣል፤ ቢጫውን የሚያደምቀው ብዙ ጊዜ የእርሳስ ውሕድ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ባወጣው ደንብ ቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለልጅ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም ይላል።

ደንቡ ለአዲሱ ጣሳ ነው። በአሮጌው በርና መስኮት ላይ ያለውን ቀለም ማንም አልመረመረውም። ቀቢው እሱን በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቀው አቧራው እርጉዟ ሴት ላይ ይዘንባል፤ እሷ ደግሞ መጥረጊያ ይዛ ከኋላው ትከተለዋለች።

*

የሲሚንቶ መኪና ገና ሳይቆም ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ልጆች ይከቡታል። ጫኝና አውራጅ ናቸው። ባለንብረት ዕቃውን ራሱ የማውረድ መብት እንዳለው በተደጋጋሚ ተነግሯል፤ እነሱ ግን አልሰሙም። አንድ ጊዜ ሦስት ኩንታል ሲሚንቶና አንድ የሕፃን አልጋ ለማውረድ የተጠየቀውን ዋጋ ሲሰማ፣ አልጋውን አጠና ተራ ያሠራው ባል «ለአናጢው የከፈልኩት እንኳ ይህን ያህል አይደለም» አለ። አልጋውን ተሸክሞ አወረደ። ለሲሚንቶው ከፈለ።

*

የእኛስ ይሻላል፣ የራሳችን ግቢ ነው። ኪራይ የሚፈልጉ ጥንዶችን ደላላ የሚጠይቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ናችሁ?» ነው። ሁለተኛው፣ «ልጅ አለ?»። ሚስት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ከቆመች ሦስተኛ ጥያቄ የለም። ልጅ ማለት ውኃ ነው፣ የሚሰጣ ልብስ ነው፣ ሌሊት ልቅሶ ነው፣ ግድግዳ ላይ የእርሳስ ሥዕል ነው። አከራዮቹም ልጅ ያሳደጉ እናትና አባት ናቸው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህ ለአራስ ቤት ትልቅ ነገር ነው፤ ልጅ ሁለት ዓመት እስኪሞላው አንድ ጣሪያ ስር ማለት ነው። ግን ያለ ውል ተከራይቶ፣ ከደሞዙ ቀለም ገዝቶ፣ የተሰበረ መስታወት አስገጥሞ፣ ቤቱ ሲያምር «ልጄ ከውጭ ልትመጣ ነው» ተብሎ የተባረረ ወጣት ባለትዳር በየሰፈሩ አለ። ወገኖቼ፣ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ውሉን ወረዳ አስመዝግቡ።

*

የቀበሌ ቤት ነዋሪ ደግሞ የተለየ ሰው ነው። በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የተወረሰ ቤት ውስጥ አያቱ ተከራዩ፣ እናቱ ተወለደች፣ እሱም ተወለደ፣ አሁን ልጁ ልትወለድ ነው። አራት ትውልድ የኖረበት ቤት የእሱ አይደለም። ግድግዳው ቢያዘነብል እንኳ ሊያቃና ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ ሳይመጣ ልጅቷ ትመጣለች። በዚያ ላይ በ2016 ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ስትፈርስ ካየ ወዲህ ሴራሚክ ከመግዛቱ በፊት «እኛጋስ ኮሪደር ይደርስ ይሆን?» እያለ ነው። ስለዚህ የማይነቀል ነገር አይሠራም። ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት። ተጠቅልሎ የሚሄድ እድሳት። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ አስተዋዩ እሱ ይመስለኛል።

*

ውኃ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው ደግሞ ሌሊት ይወዳል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከጎረቤት «ውኃ መጣ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ሕፃኗ ትነቃለች፤ ወይም ሕፃኗ ትነቃና ባል ሲነሳ ቧንቧው ሲንኳኳ ይሰማል። እናት ታጠባለች፣ አባት በርሜል ይሞላል። አዲስ የተገጠመው ሻወር ግድግዳው ላይ ሴራሚክ ለብሶ፣ ክሮም ቧንቧው እያበራ፣ ውስጡ ጀሪካን ተደርድሮበታል። ቢያንስ ለጀሪካን የሚሆን ቆንጆ ክፍል አለን።

*

አሜሪካ ያለች የሕፃኗ አክስት የሕፃን መቆጣጠሪያ ካሜራ በሻንጣ ላከች። ልጅቷ ሌላ ክፍል ስታለቅስ ለማየት ነው። በቤቱ ውስጥ ሌላ ክፍል የለም። ካሜራው ተተከለና አክስትየው ራሷ ከሜሪላንድ ሆና ትመለከታለች። ትናንት ማታ ደውላ «ኧረ አልብሷት፣ እግሯ ወጥቷል!» አለች።

*

አማቴ ሕፃኗ ራስጌ ብረት ፈለጉ፤ መቀሱ ጠፍቶ ነበር። አናጢው ባለ አሥር ሚስማር ሰጣቸው። ሰይጣኑን ያርቅ አያርቅ አላውቅም፤ እኔ የማውቀው ሕፃን የምትተኛበት ፍራሽ ስር ሚስማር እንዳለ ነው። በማግስቱ በማንኪያ ተለወጠ፤ ስምምነቱን ያመጣችው ባለቤቴ ናት።

*

የአራስ ምግብ የኮልፌን ያህል የሚያምርበት ሰፈር መኖሩን እጠራጠራለሁ። የጉራጌና የስልጤ ጎረቤት ስላለን የቡላ ገንፎ በቅቤ ተለውሶ ይመጣል፤ ከላይኛው ቤት አጥሚት፣ ከታችኛው ጨጨብሳ። አምጪዋ ሂጃብ ለብሳ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትላለች፤ ማንም አይገርመውም። በብዙ የአገራችን ጤና ጣቢያዎችም ለወላዶች ገንፎና ቡና ማዘጋጀት ተለምዷል። እናቶች ከጤና ጣቢያ የሚሸሹት ገንፎና ዘመድ ስለሌለበት ጭምር መሆኑን የተረዳ ሰው ሐኪምም ይሁን ጽዳት ሠራተኛ ትልቅ ሰው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኛን አራስ ገንፎ አብዛኛውን የበሉት የቀን ሠራተኞቹ ናቸው። «የአራስ ቤት ገንፎ አይታለፍም» ብለው ድስቱን ከበቡት። ምርቃታቸው ረጅም ነበር፤ ከሰዓት በኋላ የለሰኑት ግድግዳ ግን እስካሁን ጠማማ ነው።

*

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወለደች ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት። አባት 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር አለው። ከዚህ በፊት የነበረው አዋጅ ለአባት ምንም አልሰጠውም ነበርና ሦስቱም ቀን ትልቅ እርምጃ ነው። ስዊድን ለሁለቱ ወላጆች 480 ቀን ትሰጣለች፤ ከእሷ ጋር መወዳደር አያስፈልግም።

እኔ ያየሁት ግን ይህ ነው፦ ብዙው አባት ሦስቱን ቀን የሚያሳልፈው ግንበኛ እየጠበቀ፣ መርካቶ ቆርቆሮ እያማረጠ፣ ከቧንቧ ሠራተኛ ጋር እየተጨቃጨቀ ነው። አራተኛው ቀን ላይ ቢሮ ይገባል። ባልደረቦቹ «ማን ትመስላለች?» ሲሉት ስልኩን አውጥቶ ፎቶዋን ያያል።

*

እንግዲህ አራስ ልትጠይቁ የምትመጡ ወዳጆቻችን፣ ሁለት ሦስት ነገር አደራ። ስትገቡ ኮርኒሱን ቀና ብላችሁ «ስንት ፈጀ?» አትበሉ። ከሰል ምድጃ ቤት ውስጥ ካያችሁ ይዛችሁ ውጡ፤ ይሉኝታ አይያዛችሁ። እጃችሁን ሳትታጠቡ ሕፃኗን አትያዙ፣ ከንፈርና ጉንጯን አትሳሙ። ሳሙና አታምጡ፤ ሳሙና ሞልቷል። ቤታችሁ ውኃ መጥቶ እንደሆነ ግን አንድ ጀሪካን ይዛችሁልን ኑ።